ትክል ድንጋዩን ማን ተከለው?

ባለፈው እትማችን የፊት ገጽ ላይ «ታሪካችንን የዘረፉን ነጮች» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። አንብበን አጨበጨብን። ሻይ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ለጓደኞቹ ያነበበላቸውም ነበር። ጽሑፉ ያለው ነገር በመሠረቱ ትክክል ነው፤ ከዚህ በታች እኛም እንመሰክርለታለን። ነገር ግን በዚያው እትም የመጨረሻ ገጽ ላይ፥ «ከዚህም ከዚያም» በሚለው ዓምድ ሥር፥ በእንቆቅልሽና በቀልድ መካከል ተሸጉጣ የወጣች አንዲት አጭር ትረካ ነበረች። ከኮንሶ የመጣ ጓደኛችን ስለ ቅድመ አያቱ የጻፋት ናት። ስንቶቻችን አነበብናት? ያነበብናትስ ምን ብለን አነበብናት?

ጓደኛችን የጻፈው ይህን ነበር። በኮንሶ አንድ ጀግና ሲሞት፥ ማለትም ጠላት የገደለ ወይም አንበሳና ነብር የጣለ ሰው ሲሞት፥ በስሙ እንጨት ይጠረብለታል። የሰውየው ምስል መካከል ይቆማል፤ የሚስቶቹ፥ የገደለው ጠላትና የጣለው አውሬ ምስል ደግሞ አጠገቡ ይደረደራል። ይህ «ዋካ» ይባላል። የሙት መታሰቢያ ነው። ጓደኛችን የቅድመ አያቱን ዋካ እያየ እንዳደገ፥ የሰውየውንም ስምና ሥራ የተማረው ከዚያ እንጨት ሥር ቆሞ ሽማግሌ ሲተርክለት እንደሆነ ጻፈ። «ዋካ» የምትለውን ቃል ዘጠኝ ቦታ ጠቅሷታል። ታዲያ ጽሑፉ ለአርታዒዎች ሲደርስ «ዋካን ደግሞ ማን ያውቀዋል?» ተባለና ዘጠኙም ቦታ ተሰርዞ «ጣዖት» በሚል ተተካ። ርእሱም «ጣዖት ጠራቢዎቹ ሽማግሌዎች» ሆነ።

የሰረዝነው እኛ ነን። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ከዚያው ከአርታዒዎቹ መካከል የሆንን የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን። ስለዚህ ጣታችንን ወደ ሰው ከመቀሰራችን በፊት ወደ ራሳችን እንቀስረዋለን።

እትሙ በወጣ ማግሥት ጓደኛችን መጣና «እኔ ለአያቴ አባት ሐውልት ቆመለት ብዬ ጻፍኩ፤ እናንተ ሰገዱለት ብላችሁ አተማችሁት» አለን። «ለአንባቢ እንዲገባ ብለን ነው እኮ» ልንል ሞከርን። «ጊዮርጊስ ፊት ለፊት በፈረስ ላይ የተቀመጠውን የምኒልክን ምስልስ ለአንባቢ እንዲገባ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎን ሄደ።

መልስ አልነበረንም፤ አሁንም የለንም። ያ የአፄ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ቆመ። ጣልያን አገራችንን ሲይዝ ከቦታው ነቅሎ ደበቀው፤ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ተተከለ። ጣልያን ለምን እንደ ነቀለው ሁላችንም እናውቃለን፤ የሰውን መታሰቢያ መንቀል ሰውየውን ሁለተኛ መግደል ስለሆነ ነው። ከኮንሶ ዋካዎችም ብዙዎቹ እየተሰረቁ ለውጭ አገር ገበያ ተሸጠዋል፤ ከተያዙት ጥቂቶቹ ዛሬ ካራት ላይ በሚገኘው የኮንሶ ሙዚየም ተሰብስበው ይገኛሉ። የምኒልክ ሐውልት ሲነቀል አገር ተደፈረ አልን። ዋካ ሲነቀልስ ምን ብለን ነበር? ምንም። ጣዖት ጠፋ ተብሎ ማን ያለቅሳል?

ጓደኞቻችን ሆይ፥ ነገሩ የአንዲት ቃል ስሕተት ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው እትም «እርማት» ብለን በአንድ መሥመር በጨረስነው ነበር። አይደለም። ያቺ ቃል የተሰረዘችበት መንገድ በፊት ገጹ ላይ የተወገዙት ነጮች የሄዱበት መንገድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ማሳየት ነው። (ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. ያላዩትን «የለም» ማለት

አስቀድመን ለባለፈው እትም ጸሐፊ ምስክርነታችንን እንስጥ። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጊበን ከ1776 እስከ 1788 ባሳተመው የሮማ መንግሥት ታሪኩ ውስጥ ኢትዮጵያን ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል አስተኝቷት አለፈ። እንግዲህ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉት በዚያ «እንቅልፍ» ውስጥ መሆኑ ነው። ክብረ ነገሥት በግዕዝ የተጻፈው በዚያ እንቅልፍ ነው። ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዘርዐ ያዕቆብ መጻሕፍቱን የደረሰው በዚያ እንቅልፍ ነው። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተነሡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ባሕር ተሻግረው ፍሎሬንስ ከተማ በተደረገው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የተገኙትም እየተኙ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለውን እንቅልፍ ለሁላችንም ይስጠን!

ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግልም በርሊን ላይ በሰጣቸውና ከሞተ በኋላ በ1837 በታተሙት ትምህርቶቹ አፍሪቃን ከዓለም ታሪክ ደጃፍ ውጭ አስቀምጧታል። ይኸ የድሮ ሰው ነው እንበል። በ1963 የኦክስፎርዱ የታሪክ ፕሮፌሰር ሂው ትሬቨር ሮፐር በቴሌቪዥን በተላለፈ ንግግሩ በአፍሪቃ ያለው የአውሮፓውያን ታሪክ ብቻ እንደሆነ፥ የቀረው ጨለማ እንደሆነ ተናገረ። ያ ዓመት የአፍሪቃ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የአፍሪቃ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱበት ዓመት ነው።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች መሃይሞች አይደሉም። ከኛ እጅግ የበለጠ ያነበቡ ናቸው። ችግራቸው የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የቆሙበት ቦታ ነው። ከቆሙበት የማይታየውን ሁሉ «የለም» አሉ። ፈረንጆቹ ራሳቸው «ኢትኖሴንትሪዝም» ብለው ስም ያወጡለት በሽታ ይኸው ነው፤ የራስን መንደር የዓለም እምብርት አድርጎ፥ የሌላውን ሁሉ ከዚያ እምብርት በሚርቅበት ክንድ መለካት። በሽታው ስሙ የፈረንጅ ነው እንጂ ሕመምተኛው ፈረንጅ ብቻ አይደለም።

2. አይተው ለሌላ መስጠት

ከመካድ የባሰም አለ። አንዳንዴ ሥራው ዓይን ውስጥ የሚገባ ግዙፍ ስለሆነ «የለም» ማለት አይቻልም። በዚህ ጊዜ ሠሪውን ይለውጡታል።

በደቡባዊ አፍሪቃ ታላቁ ዚምባብዌ የተባለ የድንጋይ ከተማ ፍራሽ አለ። ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተገነባ ሲሆን፥ ትልቁ አጥር ቁመቱ በአንዳንድ ቦታ አሥራ አንድ ሜትር ያህል ይደርሳል። በ1871 ጀርመናዊው ካርል ማውክ እዚያ ደረሰ። ከበሩ መቃን ላይ ስንጥር ቆርጦ ከእርሳሱ እንጨት ጋር አመሳሰለው። «ይህስ የሊባኖስ ዝግባ ነው» አለ። የሊባኖስ ዝግባ ከሆነ ያመጡት ፊንቄዎች ናቸው፤ ፊንቄዎች ካመጡት ቤቱ የንግሥተ ሳባ ነው። እንግዲህ አንድ ታላቅ ከተማ በአንድ እርሳስ ምክንያት ከባለቤቶቹ ተወስዶ ለሳባ ንግሥት ተሰጠ። በዙሪያው የሚኖሩት፥ አያቶቻቸው የገነቡት የሾና ሰዎች ያኔ እዚያው ቆመው ያዩ ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የሴሲል ሮድስ ኩባንያ አገሩን በ1890 ሲይዝ ይህ ተረት ጠቀመው። ነጭ ወይም ነጭ መሰል ሰው አስቀድሞ እዚህ ከነበረ የሮድስ መምጣት ወረራ ሳይሆን ወደ ርስት መመለስ መሰለ። ከ1902 እስከ 1904 ሪቻርድ ሆል የተባለ የፍራሹ ጠባቂ «የጥንቶቹን ሠሪዎች» አገኛለሁ ብሎ በላዩ የነበረውን የአፍሪቃውያን ኑሮ አፈር፥ ሸክላውንና አመዱን፥ እንደ ቆሻሻ አስዝቆ አስጣለው። ምስክሩን ጥሎ ምስክር ፈለገ!

በ1905 ራንዳል ማካይቨር፥ በ1929 ደግሞ ገርትሩድ ኬተን ቶምሰን የተባለች የከርሰ ምድር ተመራማሪ ቦታውን ቆፍረው ሠሪዎቹ አፍሪቃውያን መሆናቸውን አረጋገጡ። ቢሆንም የሮዴሺያ ነጮች ከ1965 በኋላ ራሳቸውን የቻለ መንግሥት ነን ሲሉ ይህን እውነት ማፈን ቀጠሉ። የሐውልቶች ተቆጣጣሪ የነበረው ፒተር ጋርሌክ እውነቱን አልክድም ብሎ በ1970 ሥራውንም አገሩንም ለቆ ወጣ። በ1980 ነፃ የወጣው ሕዝብ ስሙን ከየት እንዳመጣው ታውቃላችሁ፤ ከዚያው ከድንጋዩ ነው።

እኛስ? በአክሱም ላይ የተፈጸመው ተመሳሳይ ነው። ጣልያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1928 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና እሱን በተከተሉት መጻሕፍት ሥልጣኔያችን ከቀይ ባሕር ማዶ፥ ከደቡብ ዓረቢያ ተሻግረው በመጡ ሰዎች የተተከለ ተደርጎ ተጻፈ። በኋላ የተደረጉ ቁፋሮዎችና የቋንቋ ጥናቶች የአክሱም ሥልጣኔ ሥር እዚሁ መሬት ውስጥ እንደሆነ፥ ከማዶ የመጣው ግን ከብዙ ግንኙነቶች አንዱ እንደሆነ አሳይተዋል። የላሊበላን ሥራ እንኳ ከአውሮፓ የመጡ የመስቀል ጦረኞች እጅ አለበት የሚሉ አልጠፉም።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያሳፍር ነገር እንናገር። የኮንቲ ሮሲኒን ነገር እኛ አልጠላነውም ነበር። «ከማዶ የመጣን ነን» የሚለው ተረት ከጎረቤታችን በላይ ስላደረገን ደስ ብሎን ለልጆቻችን አስተማርነው። ማውክ ከሾና ነጥቆ ዚምባብዌን የሰጣት ንግሥት ለኛም ዙፋን ሰጥታናለች፤ በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ራሱ የነገሥታቱን ዘር ከሷና ከሰሎሞን ይቆጥር ነበር። አንዲት ንግሥት፥ ለአንዱ ቤት መንጠቂያ፥ ለሌላው ቤት መኩሪያ ሆነች። የተናቅንበትን ሚዛን አልሰበርነውም፤ ዞረን ሌላውን መዘንበት።

3. «የግራኝ ድንጋይ»

«ሌላውን መዘንበት» ስንል ማስረጃ አምጡ ትሉን ይሆናል። ሩቅ አንሄድም። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፥ ሶዶ ውስጥ ጢያ የሚባል ቦታ አለ። ከመኪና መንገዱ ጥቂት እልፍ ብሎ ትክል ድንጋዮች ተደርድረው ቆመዋል። በዩኔስኮ መዝገብ ቁጥራቸው 36 ነው፤ ከነሱም 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ቅርጹ ሰይፍ ነው፤ ክብ ነገር ነው፤ ቅጠል የሚመስል ምልክት ነው። በ1980 የዓለም ቅርስ ተብለዋል። ከሥራቸው ሰዎች ተቀብረዋል።

አገሩ እነዚህን ድንጋዮች ምን ብሎ ይጠራቸዋል? «የግራኝ ድንጋይ»።

ይታያችሁ! ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል ያደረገው በ1529 ነው፤ ወይና ደጋ ላይ የሞተው በ1543 ነው። ከጢያ መቃብሮች የተገኘው ማስረጃ ግን እሱ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በላይ የሚቀድም ነው። ታዲያ ሰውየው ሳይወለድ ድንጋይ ተከለ? ወይስ በዚያ የጦርነት ዘመቻው መካከል ሰይፍ ሲቀርጽ ይውል ነበር? ልጅ የሚስቅበት ነገር ነው። ግን ትልልቅ ሰዎች ሳይስቁ ሲናገሩት ሰምተናል።

ለምን እንደዚህ ተባለ ብለን ስንጠይቅ መልሱ ከዚምባብዌው እርሳስ ጋር አንድ ሆኖ እናገኘዋለን። በኛ ትረካ ውስጥ ታሪክ የሚሠሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ንጉሡና የንጉሡ ጠላት። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ንጉሥ ሠራው፤ ፍራሽ ከሆነ ግራኝ አፈረሰው፤ የማናውቀው ድንጋይ ከሆነም ግራኝ ተከለው። በዚያ ምድር ይኖር የነበረ፥ ሙታኑን በክብር የሚቀብር፥ ድንጋይ ፈልጦ፥ ጎትቶ፥ ጠርቦ የሚያቆም አንድ ስሙ ያልተጻፈ ሕዝብ ሊኖር ይችላል የሚል ሐሳብ ከሐሳባችን ውስጥ የለም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ የአገሩ ሰው ራሱ የአያቶቹን መቃብር በባዕድ ስም መጥራቱ ነው። ሾናዎች እንኳ ይህን ያህል አልደረሰባቸውም።

እስቲ አሁን ወደ ጓደኛችን አገር እንመለስ። የኮንሶ እርከንና በድንጋይ የታጠሩ ከተሞቹ በ2011 የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። ከአራት መቶ ዓመት በላይ በተራራው ጎን ላይ ትውልድ ለትውልድ እየተቀባበለ የካበው ካብ ነው። ከዚህም ሌላ በኮንሶ አንዱ ትውልድ ኃላፊነቱን ለተከታዩ ሲያስረክብ ትልቅ ድንጋይ ተፈልጦ፥ በሥርዓት ተጓጉዞ ይተከላል። «ዳጋ ሄላ» ይሉታል። ድንጋዮቹን ቆጥሮ የትውልዱን ብዛት ማወቅ ይቻላል፤ ዜና መዋዕላቸው በድንጋይ የተጻፈ ነው ማለት ነው።

ጢያን ኮንሶ ተከለው አላልንም፤ አንልምም፤ እንደዚያ ብንል እኛም እርሳስ ያነሣን ማውክ እንሆናለን። የምንለው ይህ ነው፤ በዚህችው አገር፥ በመኪና በሚደረስበት ርቀት ላይ፥ ድንጋይ መትከልን ወግ አድርጎ ያቆየ ሕዝብ እያለ፥ «ማን ሊተክለው ይችላል?» ብለን ስንደነቅ፥ አጠገባችን ያለውን ሰው አንጠይቅም። ያ ሰው እዚሁ ግቢ ውስጥ መማሪያ ወንበር ላይ አጠገባችን ተቀምጧል። ጽፎ ሲያመጣልን ደግሞ ቃሉን እንሰርዛለን። ሪቻርድ ሆል በአካፋ የሠራውን እኛ በእስክሪብቶ ሠራነው።

4. ዜና መዋዕሉና የሚጽፈው እጅ

«የጥንቶቹ ጸሐፊዎች ግን ያዩትን ጻፉ» የሚል ክርክር ይመጣል። እውነት ነው፤ ያዩትን ጻፉ። ከየት ቆመው እንዳዩ ግን መጠየቅ አለብን።

አባ ባሕርይ በ1593 ስለ ኦሮሞ የጻፈውን አጭር መጽሐፍ የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። መጽሐፉን ራሱን ዛሬ ስድብ በሆነ ስም ነው የሰየመው። መነኩሴው የጋሞ ሰው ነበር፤ አገሩ ተወርሮበታል፤ የተዘረፈ ሰው ብዕር ነው። ስለዚህ ኦሮሞን ከሁሉ በፊት እንደ ገዳይ ያየዋል። ቢሆንም ይኸው ሰው የገዳን ሥርዓት፥ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚቀባበሉትን ሉባዎች በስማቸው ዘርዝሮ አቆይቶልናል። ከዚያም አልፎ «ለምን ተሸነፍን?» ብሎ የራሱን ወገን ይመረምራል፤ ከወገኑ የሚዋጋው ጥቂቱ ብቻ እንደሆነ ይቆጥራል። እንግዲህ በጥላቻ መካከል እንኳ ጠላቱን በትክክል ለመቁጠር፥ የራሱንም ጉድለት ለመናገር የደፈረ ሰው ነው። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ የመጣን እኛ ግን ከባሕርይ የወሰድነው የቱን ነው? ስድቡን ወሰድን፤ ቆጠራውን ተውን። የገዳን ነገር ብዙ አንባቢ ጠንቅቆ ያወቀው በ1973 አስመሮም ለገሠ በእንግሊዝኛ ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ጎረቤታችንን ለማወቅ በእንግሊዝኛ ዞረን መጣን!

በሌላው ወገን ያለውንም አንደብቅ። የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዓረብ ፈቂህ በፉቱህ አልሐበሻ ውስጥ የሚያቃጥለው ገዳም ሁሉ የድል ምልክት ነው፤ የሚሞተው ክርስቲያን ሁሉ ከሐዲ ነው። ለኛ «ግራኝ» የሆነው ሰው እዚያ ኢማም ነው፤ ለሶማሌ ወገኖቻችን ጀግና ነው። የአይጥ ምስክር ድንቢጥ ይሏል እንዲህ ነው። ሁለቱም መጻሕፍት ያስፈልጉናል። አንዱን ብቻ ያነበበ የጦርነቱን ግማሽ ነው የሚያውቀው፤ ግማሹንም አጣሞ።

ስማችን የተጠራበትን መንገድ ተዉትና የጠራነውን ስም ቁጠሩ። የወላይታን ሕዝብ እስከ አብዮቱ ዘመን፥ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ፥ መንግሥትም መጽሐፍም «ወላሞ» ይለው ነበር። ሕዝቡ ራሱን እንደዚያ አይጠራም ነበር። አንድን ሰው በማይወደው ስም እየጠሩ ታሪኩን እነግረዋለሁ ማለት ምን ማለት ነው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

5. «ይኼን ማንሣት አገር ያፈርሳል»

ይህን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት ለጥቂት ጓደኞቻችን አስነብበን ነበር። ሦስት ተቃውሞ ገጠመን።

አንደኛው «ፈረንጁ እየሳቀብን እኛ እርስ በርስ እንፋጭ?» የሚል ነው። እኛ የምንለው ግን ፈረንጁን የምናሸንፍበት ሌላ መንገድ የለም ነው። የጊበንን ሚዛን ይዘን የጊበንን ፍርድ መሻር አንችልም። «ላልታየ ታሪክ የለውም» የሚለው ሕግ ለኮንሶ ትክክል ከሆነ ለአክሱምም ትክክል ይሆናል። የራስዋ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዳይሆንብን ከራሳችን ድስት እንጀምር።

ሁለተኛው «እንግዲህ ሁሉም የየራሱን ተረት እውነት ነው ይበል?» ነው። አይደለም። እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ። የጢያ መቃብር ዘመን በማንም ስሜት አይወሰንም፤ በቁፋሮ ነው የሚወሰነው። ዚምባብዌን ለባለቤቶቹ የመለሱት ሾናዎች ብቻ አይደሉም፤ ማካይቨርና ኬተን ቶምሰን እንግሊዞች ነበሩ፤ ጋርሌክ ነጭ ነበር፤ እንጀራውን ለእውነቱ ሰጠ። ስለዚህ ሰው የሚያየው በደሙ አይደለም። ቆሞ ያየበትን ቦታ የሚጠራጠር፥ ባለቤቱን የሚጠይቅ፥ ማስረጃ ሲመጣ የሚታረም ሁሉ ሊያይ ይችላል። በተቃራኒው የተበደለ ሁሉ ደግሞ እውነተኛ አይደለም። ነገ የኮንሶም፥ የኦሮሞም፥ የወላይታም ጸሐፊ ተነሥቶ የራሱን መንደር እምብርት አድርጎ ጎረቤቱን «ጣዖት አምላኪ» ቢል ይኸንኑ ጽሑፍ እንደገና እናወጣበታለን።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደን ነው። «አንድ ቃል ነው እኮ ያረማችሁት፤ ለምን ታጋንኑታላችሁ?» አሉን። አዎን፥ አንድ ቃል ናት። ግን አስቡት፤ ያንን እትም ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ የታሪክ ተማሪ ከመጻሕፍት ቤት አውጥቶ ቢያነብ «የኮንሶ ሰው ራሱ ጣዖት ነው ብሎ መስክሯል» ብሎ ይጠቅሰዋል። ከጽሑፉ በታች ያለው የጓደኛችን ስም ነው፤ የኛ አይደለም። ሐሰቱን እኛ ጽፈን ምስክር አድርገን የፈረምነው እሱን ነው። ታሪክ የሚበላሸው ሁልጊዜ በነገሥታት ትእዛዝ አይደለም፤ እንዲህ በደግ ልብ፥ «ለአንባቢ እንዲገባ» ተብሎ ነው።

6. ምን ይደረግ?

ወቀሳ ብቻ ጽፎ መበተን ይህች መጽሔት የለመደችው ነው፤ እኛ ግን ለአርታዒው ጉባኤ አራት ነገር እናቀርባለን።

1ኛ. ከየትም ቋንቋ የመጣ ትረካ ሲታተም የባለቤቱ ቃል በቦታው ይቆይ። አንባቢ የማያውቀው ቃል ከሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይፈታ። አንባቢያችን «ሶሻሊዝም»ንም «ትራጀዲ»ንም ተምሮ አውቋል፤ «ዋካ»ን መማር አያቅተውም።

2ኛ. ማን እንደተረከው፥ የት እንደተረከው፥ በምን ቋንቋ እንደተረከው ይጻፍ። «ከደቡብ የተገኘ ተረት» የሚባል ነገር ይቅር። የጎጃሙን ቅኔ «ከሰሜን የተገኘ ግጥም» ብለን አትመን አናውቅም፤ ባለቅኔውን በስሙ እንጠራለን።

3ኛ. «ከዚህም ከዚያም» የሚለው ዓምድ ይዘጋ። ትረካው ጥሩ ከሆነ ከልብ ወለዱ ጎን ይግባ፤ ጥሩ ካልሆነ እንደማንኛውም ጽሑፍ ይመለስ። ምጽዋት አያስፈልገውም።

4ኛ. የጓደኛችን ትረካ እንደ ጻፈው፥ በሰጠው ርእስ፥ በሚቀጥለው እትም የፊት ገጽ ላይ ከይቅርታችን ጋር ይውጣ።

ለሁላችሁም ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። በእረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ከአያቶቻችን ተረት መልቀም ልማዳችን ሆኗል፤ መልካም ነው። አሁን ግን ከአያታችሁ ቤት ቀጥሎ ያለውን፥ ሌላ ቋንቋ የሚናገረውን ጎረቤት ጠይቁ። በተለይ ስለናንተ ወገን ምን እንደሚተርክ ጠይቁት። የሚነግራችሁ ላያስደስታችሁ ይችላል። ሳታርሙ ጻፉት።

አራተኛውን ሐሳብ ይዘን ባለፈው ሳምንት ወደ ጓደኛችን መኝታ ክፍል ሄደን ነበር። ፈቃዱን ጠየቅነው። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ይታተም፤ ግን ስቴንስሉ ሲመታ አጠገባችሁ ተቀምጬ አነባለሁ» አለን።

ተስማምተናል። ወንበር ይዘንለታል።